በአማቴ ገንዳ ውስጥ የተንጠለጠሉ ሰሌዳዎች

ባሕር በሌለበት ከተማ ተቀምጬ ስለ መርከብ ሆድ ሳስብ የኖርኩባቸው ዓመታት ነበሩ። ይህን ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ይሥቃሉ፤ አልፈርድባቸውም። የምሠራበት የቀለም ፋብሪካ ከንፋስ ስልክ ዋና መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ከላቦራቶሪው መስኮት የሚታየው ትልቁ ውኃ ክረምቱ ግቢው ውስጥ ትቶት የሚሄደው ኩሬ ነበር።

ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ እንደ ሰነድ እንዳይወስዱብኝ አንባቢዎቼን አስቀድሜ እለምናለሁ። ሙያዬ ደጋግሜ ያላየሁትን ነገር በእርግጠኝነት እንዳልናገር አስተምሮኛል፤ ትዝታ ደግሞ ሊደገም የማይችል ሙከራ ነው። ባለቤቴ ያነበብኩላትን ገጽ ሰምታ «እንደሱ አልነበረም» የምትልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ትክክለኛዋ እርሷ ሆና ትገኛለች። ስለዚህ ያረጋገጥኩትንና የጠረጠርኩትን ለመለየት የተቻለኝን አደርጋለሁ።

ፋብሪካው ከተወረሰ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። የግድግዳ ቀለም፣ የቆርቆሮ ቀለምና የበር ቫርኒሽ እንሠራለን። አንድ ቀን በቀይ ባሕር ወደብ ከሚሠሩ ሰዎች ጥያቄ መጣ። የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎቻቸው ሆድ በባሕር ፍጥረት እየተሸፈነ ተቸግረዋል፤ ከውጭ ይመጣ የነበረው ቀለም በውጭ ምንዛሪ እጥረት ቀርቷል፤ እናንተ ልትሠሩልን ትችላላችሁ ወይ የሚል ነበር። ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። በውጭ አገር ስለ ፖሊመር፣ ማለትም ስለ ፕላስቲክና ጎማ ኬሚስትሪ፣ የተማርኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ሌላው ሁሉ ብልህ ሆኖ ዝም ስላለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ዕቃ ውኃ ውስጥ ሲነከር ሳይውል ሳያድር ዓይን የማያየው ስስ ዝልግልግ ይሸፍነዋል። በዚያ ዝልግልግ ላይ ጥቃቅን ተሐዋስያን ይሰፍራሉ፤ በእነርሱ ላይ አልጌ ይበቅላል፤ ባሕር ከሆነ ደግሞ ቅርፊታቸው ድንጋይ የመሰለ ፍጥረታት መጥተው እንደ ሲሚንቶ ይለጠፉበታል። ጀልባው ይከብዳል፤ የሚበላው ነዳጅም ይጨምራል። ያ ነዳጅ በኩፖን የሚታደልበት ዘመን ነበር። በጊዜው በመላው ዓለም የታወቀው መፍትሔ መርዝ ነው፤ ቀለሙ ውስጥ መዳብ ይጨመርና ቀስ በቀስ እየሟሟ የሚጠጋውን ሁሉ ይገድላል። እኔም በመዳብ ጀመርኩ። ልዩ ልዩ ቅመም እየቀያየርኩ በርከት ያሉ የብረት ሰሌዳዎች ቀባሁ። አንዷን ሰሌዳ ግን ለማነጻጸር ያህል፣ ለኤሌክትሪክ ሽቦ መሸፈኛ እንዲሆን በናሙና መልክ መጥቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ሲሊኮን ቀባኋት። ሲሊኮኑ መርዝ የለውም። እንደ ጎማ የሚለጠጥ፣ እንደ ሰም የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ነው። ከእርሷ ብዙም አልጠበቅሁም።

የቀረኝ ሰሌዳዎቹን የምነክርበት ውኃ ነበር። እዚህ ላይ አማቴ ይገባሉ።

የባለቤቴ አባት ከሀና ማርያም ቁልቁል ሲወርዱ ባለው መሬት ላይ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የኖረ የገበሬ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ጤፍና ሽምብራ ይዘራሉ፤ ጥቂት ላሞች አሏቸው። በዚያን ጊዜ ከደጃቸው ቆሞ ወደ ጀሞ ለሚመለከት ሰው የሚታየው ማሳና ተራራው ብቻ ነበር። ከቤታቸው በስተጀርባ ቀድሞ አትክልት ያለማ የነበረ ሰው ያሠራው የሲሚንቶ ገንዳ ነበር። አትክልቱ ከቀረ ወዲህ ከጅረቱ በቦይ የሚመጣ ውኃ እየገባበት በሌላ በኩል ይወጣ ነበር፤ ግድግዳውም በአረንጓዴ ዝልግልግ ተሸፍኗል። ከብት አይጠጣበትም። ለእኔ ከዚያ የተሻለ ስፍራ አልነበረም። ጨው አልባ ውኃ እንደ ባሕር እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይበቃል ብዬ ነበር።

ሰሌዳዎቹን በሽቦ ሳንጠለጥል አማቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ይመለከቱኝ ነበር።

«ይህን ሁሉ ብረት ልታጥብ ነው?»

«የለም አባባ፣ እንዲቆሽሽ ነው የማስቀምጠው።»

«ልጄን የሰጠሁህ ተምሯል ብለውኝ ነው» አሉ።

ስለ ጀልባዎቹ አስረዳኋቸው። ባሕር አይተው አያውቁም፤ ሆኖም ነገሩ ቶሎ ገባቸው። ቀለሙ ምን እንደሚያደርግ ጠየቁኝ፤ የሚጠጋውን እንደሚገድል ነገርኳቸው።

«የገደለውስ?»

«ይረግፋል።»

«መርዙስ ወዴት ይሄዳል? ይህ ውኃ እኮ ወንዝ ይገባል። ወንዙ የእኔ ብቻ አይደለም፤ በታች ያለው ሰው ልብስ ያጥብበታል፣ በሬ ያጠጣበታል።»

የገንዳውን መግቢያም መውጫውንም በጭቃ እንድደፍን አዘዙኝ፤ ደፈንኩ። እዚህ ላይ ይህን መጥቀሴ በኋላ ለሆነው ነገር ምክንያቱ ይኸው መደፈን ስለሆነ ነው። ገንዳውን ለቅቀን ስንሄድ እንዲህ ማለታቸውን አስታውሳለሁ፦ «የሚገድል ነገር በዝቷል። ሳይገድል አትምጣብኝ የሚል ቀለም የላችሁም?» ይህን ያኔ እንደ ቀልድ ቆጥሬው ነበር።

አማቴ በዚያ ጊዜ ከታመሙ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ፕሮስቴታቸው አብጦ የሽንት መውረጃቸውን ዘግቶታል፤ ልባቸው ደካማ ስለነበረ ሐኪሞች ቀዶ ጥገናውን ፈርተውታል። ስለዚህ ከጎማ የተሠራ የሽንት ቱቦ ገብቶላቸው ከእርሱ ጋር ይኖሩ ነበር። ራሳቸው «ቧንቧው» ይሉታል። ቧንቧው ግን በየጊዜው ይደፈናል። ሲደፈን ሆዳቸው እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ትኩሳት ይነሣል፤ ተሸክመን ሐኪም ቤት እንወስዳቸዋለን፤ ይቀየራል። ጥቂት ሳምንታት ያልፉና ያው ይመለሳል።

ሕመሙን ይችሉት ነበር። ያልቻሉት ሌላ ነገር ነው። አማቴ የአካባቢው ሽማግሌ ነበሩ፤ የተጣላ የሚታረቀው እርሳቸው ባሉበት ነው። በገበሬ ማኅበሩ የመሬት ድልድል ጊዜ የታላቅየው ማሳ ከፊሉ ለታናሽየው ስለደረሰው የተቆራረጡ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። አንዱ በሌላው ልጅ ሐዘን አልቆመም። እነዚህን ሰዎች ከአጥራቸው ውጭ ባለው ዝግባ ሥር አስቀምጠው ማስታረቅ ጀምረው ነበር። በእርቅ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ቃሉ ሳይቋጭ ከመቀመጫው አይነሣም፤ ከተነሣ ነገሩ እንደ ፈረሰ ይቆጠራል። አማቴ በዚያን ቀን ቧንቧው ተደፈነና ላብ እያጠመቃቸው ታገሡ፤ በመጨረሻ ግን ተነሡ። ወንድማማቾቹም ተነሥተው በየፊናቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አማቴን ለሽምግልና የጠራቸው ሰው አልነበረም። ሰዉ ያዘነላቸው መስሎት ነው የተዋቸው፤ እርሳቸው ግን በቁሜ ቀበሩኝ ይሉ ነበር።

በጥቅምት ወር ይመስለኛል፣ ቱቦው እንደገና ተደፈነ። ሐኪም ቤት የተቀበለን ገና ከውጭ አገር ትምህርት የተመለሰ ወጣት ሐኪም ነበር። አሮጌውን ቱቦ አውጥቶ ካበቃ በኋላ እንዳይ ጠራኝና በምላጭ ቁመቱን ሰንጥቆ ከፈተው። ውስጡ እንደ አሮጌ ማንቆርቆሪያ ጠጠር ሠርቷል፤ ከጠጠሩ ሥር ደግሞ ዝልግልግ አለ።

«መጀመሪያ ዝልግልጉ ነው የሚመጣው» አለኝ። «ተሐዋስያን እዚያ ውስጥ ጎጆ ይሠራሉ። መድኃኒት ሰጥተን እንኳ ከዚያ አናስወጣቸውም። ጠጠሩ የሚለጠፈው ከዚያ በኋላ ነው።»

የነገረኝን ቀድሞውንም አውቀው ነበር፤ ስለ ቱቦ ሳይሆን ስለ ጀልባ። ያን ዕለት ሁለቱን ነገሮች አያይዤ አየኋቸው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው በኋላ ያወቀውን ወደ ኋላ ወስዶ የማስቀመጥ ልማድ አለው። እርግጠኛ የሆንኩበት የመልስ ጉዟችን ነው። ውይይት ታክሲ ላይ እኔና ባለቤቴ አማቴን መካከል አድርገን ተቀምጠናል። ላፍቶ ደረስን። ልንወርድ ስንል፣

«የሚቀጥለው ሲደፈን አታንሡኝ» አሉ። «ቤቴ ልተኛ።»

ባለቤቴ «አባዬ፣ ምን ማለትዎ ነው?» አለች።

«ያልኩትን ነው። ሥራ የሌለውን ሽማግሌ ለምን ታመላልሱታላችሁ? መንገዱም ሰለቸው።»

አንድ የተደፈነ ቱቦ ሳይነሣ ቢቀር ኩላሊቱ እንደሚጎዳ፣ ከዚያም ነገሩ ረጅም እንደማይሆን ሐኪሙ ነግሮን ነበር። አማቴም ሰምተውታል። አንዴ የተናገሩትን እንደማያጥፉ ልጃቸው ከእኔ ይልቅ ታውቃለች።

ኅዳር ገባ። በአዲስ አበባና በዙሪያው ኅዳር ሲታጠን ሰው ሁሉ ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን በአንድ ላይ ያቃጥላል፤ ከድሮ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘ ልማድ ነው ይባላል። በዚያ ዓመት የገበሬ ማኅበሩ ጉዳዩን ለግለሰብ አልተወውም፤ በዘመቻ እንዲሆን ተወሰነ። የሴቶች ማኅበር ምንጭና ገንዳ እንዲያጸዳ ተመደበ። እኔ መውጫውን የደፈንኩት የአማቴ ገንዳ ደግሞ ውኃው ቆሞ ከሩቅ የሚሸት፣ ወለሉም ግድግዳውም አረንጓዴ የሆነ፣ ለዘመቻ ከዚያ የተሻለ የማይገኝለት ሆኗል።

በማግሥቱ ሰሌዳዎቼን ለማየት ስሄድ አገሩ ገና ጭስ ጭስ ይላል። ገንዳው ባዶ ነበር። ውኃው በባልዲ ተቀድቶ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተደፍቷል። ግድግዳው ነጥቷል። ሰሌዳዎቼ ደግሞ ታጥበው፣ እንደ ሠርግ ቤት ትሪ እያብለጨለጩ፣ አጥሩ ላይ በተርታ ተሰቅለው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከመስከረም ጀምሮ ስጠብቀው የነበረው ዕድገት በሙሉ ጠፍቷል። ወደቡ መልስ እየጠበቀ ነበር።

የሴቶች ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ የአማቴ ጎረቤት የሆነች ወፍራምና ተጫዋች ሴት፣ ከቤቷ ሆና አይታኝ መጣች።

«አማቻችን፣ አየኸው? ፋብሪካህ እንዳንተ ያለ ሰው ይዞ እንዲህ የቆሸሸ ዕቃ ሰው ግቢ ውስጥ ይጥላል? አፈርንልህ።»

«በምን አጠባችሁት?» አልኳት። ድምፄን መቆጣጠሬን አስታውሳለሁ።

«በምን ይታጠባል? እንደ ጋን በግራዋና በአመድ ፈተግነው። ክንዳችን እስኪዝል። ያ ቀይ ቀይ የሚለው ቀለም እኮ ራሱ እየለቀቀ እጃችንን አበላሸን። ምን ዓይነት ቀለም ነው የምትሠሩት?»

አማቴ በር ላይ በርጩማ አስወጥተው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ፊታቸው ላይ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሣቅ ምልክት አየሁ። «አትቆጪው» አሏት። «እንዲቆሽሽ ነው ያስቀመጠው።»

ሴትዮዋ እኔን አየች፤ እርሳቸውን አየች። «እንዲቆሽሽ ከሆነማ ለምን አልነገርከንም? እናቆሽሽልህ ነበር።» ከዚያ እንደ ማጽናኛ ይመስለኛል፣ እንዲህ አለች፦ «አንዷ ግን ትባረክ። ከሁሉም የከፋ ቆሻሻ የነበረባት እርሷ ነበረች፤ ግራዋው ገና ሲነካት እንደ እርጎ ቆዳ ተገፎ ወደቀ። አመድ እንኳ አላየችም።»

የትኛዋ እንደሆነች ጠየቅኋት። ወደ አጥሩ ሄዳ በጣቷ አሳየችኝ። የሲሊኮኗ ሰሌዳ ነበረች።

እዚህ ላይ ስለ አሠራሬ መናገር አለብኝ። በየሳምንቱ እየመጣሁ ሰሌዳዎቹን የምመዝናቸው በዓይን ነበር፤ ምን ያህሉ ገጽ እንደተሸፈነ። ትምህርቱም የሚያዘው ይህንኑ ነው። በዚያ መለኪያ የሲሊኮኗ ሰሌዳ ወድቃለች፤ መርዝ ስለሌላት ሁሉም ሰፍሮባታል። በላይዋ ላይ ያለው ነገር ምን ያህል ጠብቆ እንደያዘ ግን መመዘን አልመጣልኝም። ሰሌዳ ሲቆሽሽ የሚያጥብ ሰው ላቦራቶሪያችን ውስጥ አልነበረም።

አማቴ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው፣ «ያቺ ናት የማትገድለው?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ፣ አባባ። መርዝ የለባትም።»

«ቆሻሻው መጥቶባታል፤ ግን አልያዛትም።»

«እንደዚያ ይመስላል። አንድ ጊዜ የታየ ነገር ስለሆነ እርግጠኛ መሆን አልችልም።»

«እንግዲያው መልሰህ ንከራት» አሉ። «እኔ ልየው።»

ሰሌዳዎቹን እንደገና ነከርኩ። የመዳቦቹን ወደ ፋብሪካ በርሜል አዛውሬ፣ በአማቴ ገንዳ ውስጥ ሲሊኮን የተቀባችውንና ምንም ያልተቀባች አንድ ብረት ብቻ ተውኩ። የቦዩንም ጭቃ አነሣሁ። አማቴ ገንዳውን ሥራቸው አደረጉት። ጠዋት ጠዋት በከዘራ እየተመሩ ይሄዳሉ፤ ሴቶቹም «አባባ፣ ቆሻሻዎ ደረሰልዎ?» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ደግሞ «እስከ መቼ እንደሚቆሽሽ ካልነገራችሁኝ እንደገና አጥበዋለሁ» እያለች ታስፈራራ ነበር።

በዚህ መካከል ቧንቧው ተደፈነ። ታኅሣሥ ነበር፤ ባለቤቴ ከገና ጾም ጋር አያይዛ ስለምታስታውሰው በዚህ ላይ አልከራከርም። ጎረቤት ልኮብን ሄድን። የምናገረውን ቃል መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ የተማረ ሰው ልመና። ቤት ስንገባ አማቴ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ፊታቸው በሕመም ገርጥቶ በር ላይ ቆመዋል።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ታክሲው እንዳያመልጠን።»

ባለቤቴ ማልቀስ ጀመረች። እርሳቸው በጣም ተናደዱ። «ሰሌዳዋን ሳላይ አልሞትም ብያለሁ። ካየሁ በኋላ እንነጋገራለን።»

ጥር ሲጋመስ ሁለቱን ሰሌዳዎች ከውኃው አወጣናቸው። ሁለቱም ለዓይን አንድ ናቸው፤ እንዲያውም ሲሊኮን የተቀባችው ትብሳለች። አማቴ ባዶውን ብረት ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው ገፉት። ዝልግልጉ ተንሸራተተ እንጂ አልለቀቀም፤ ሥሩ ቀርቷል። ሁለተኛዋን አነሡ። አውራ ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች አንዴ ሳቡ። አረንጓዴው ሁሉ እንደ ቅጠል ተጠቅልሎ መሬት ወደቀ፤ ከሥሩ ንጹሕ ገጽ ታየ። ደግመው በሌላኛው ጎን ሳቡ። ያው ሆነ። እስኪበቃቸው ድረስ ደጋገሙት።

«ቧንቧዬ ከዚህ ቢሠራስ?» አሉኝ።

ይህን የጠየቁኝ እርሳቸው ናቸው ወይስ ያሰብኩት እኔ ነኝ? ለዓመታት እኔ ያሰብኩት ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ ግን እዚያ ቆማ እንደሰማች ትምላለች። እንግዲህ ከእርሳቸው ነው።

ሰሌዳዋን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ወጣቱ ሐኪም ወሰድኳት። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ስከፍታት ሽታዋ ክፍሉን ሞላው፤ እርሱ ግን አልተጸየፈም። ያልተነካውን ጠርዝ በጣቱ ገፎ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«ይህን ቀለም ሰው ውስጥ ሊከቱ አስበው እንዳይሆን?» አለኝ።

«በፍጹም» አልኩ። ያኔ በእርግጥ አስቤው እንደነበር ወይም እንዳልነበር አሁን አላስታውስም፤ ባለማስታወሴም ደስ ይለኛል።

«ጥሩ። የፋብሪካ ቀለም ውስጥ ምን እንዳለ እርስዎም ሁሉን አያውቁትም። ግን ሐሳቡ ትክክል ነው። በተማርኩበት አገር ከዚህ ነገር የተሠራ ቱቦ አለ፤ በላዩ የተቀባም አለ። መደፈኑን ፈጽሞ አያስቀርም፤ ያዘገየዋል። ለሽማግሌ ሰው መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም።»

እዚህ አገር ባለው መጋዘን እንደሌለ ነገረኝ። ሆኖም አብረውት የተማሩ ሰዎች አሉ፤ የሚመላለሱም አሉ፤ ይጠይቅልኛል። እስከዚያ ድረስ አማቴ ውኃ በብዛት እንዲጠጡ አዘዘ። እኔ ይህን ይዤ ስመለስ ተስፋ እንዳልሰጣቸው ተጠንቅቄ ነበር፤ «ላይመጣ ይችላል፣ ቢመጣም ላይበጅ ይችላል፣ ቢበጅም ለጊዜው ሊሆን ይችላል» አልኳቸው።

«አንተ እንደዚህ እያልክ ነው ልጄን የለመንከው?» አሉኝ። «አባትህ ናቸው የተናገሩልህ መሰለኝ፤ አንተ ብትሆን አልሰጥህም ነበር።»

ቱቦዎቹ የመጡት በዐቢይ ጾም መጨረሻ አካባቢ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ የቆዩ፣ በትንሽ ካርቶን የታሸጉ፣ ከቀድሞው ጎማ ይልቅ ጠራ ያሉና ሲነኳቸው የሚያዳልጡ ነበሩ። ሐኪሙ አንዱን ካስገባ በኋላ፣ ማሸጊያው ተቀዶ ከተበላሸ ሌላ ቱቦ ላይ ጫፍ ቆርጦ ሰጠኝ። ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ቢጫ ሆኗል እንጂ አልደረቀም።

ስለ ወደቡ ጉዳይም እዚሁ ላይ ልጨርስ። ለጀልባዎቹ በመጨረሻ የሰጠናቸው የመዳቡን ቀለም ነው፤ የሚጠቅመውን ያህል ጠቀመ። በሲሊኮን የተቀቡ ጥቂት ሰሌዳዎችም ልኬ ነበር። በተመለሰልኝ ቃል መሠረት ጀልባው ሲንቀሳቀስ የሰፈረበት ሁሉ በራሱ ይረግፋል፤ ቆሞ ሲከርም ግን ይሸፈናል፤ ገመድ ሲፍቀውም ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ የወደቡ መንገድ በጦርነቱ ምክንያት እያስቸገረ ሄደ፤ ሥራውም እዚያው ቆመ። አሁን ከትልልቅ መርከቦች አንዳንዶቹ በዚሁ ዓይነት መርዝ የለሽ ሽፋን እንደሚቀቡ አነባለሁ። እኔ ፈጠርኩት አልልም፤ በሌላ አገር ቀድመው ያሰቡት ሰዎች ነበሩ። እኛ ያገኘነው በራሳችን መንገድ ነው፤ በግራዋ።

ከፋሲካ በኋላ ሳምንታት ተቆጠሩ። ቧንቧው የሚደፈንበት ጊዜ ደረሰ፤ አለፈ። ባለቤቴ በየጠዋቱ ሰው እየላከች ታስጠይቃለች፤ መልሱ «ሰላም ነው» የሚል ነው። አማቴ ግን ለማንም ምንም አልተናገሩም። አንድ ቀን በራሳቸው ሥልጣን ለሁለቱ ወንድማማቾች ሰው ላኩባቸው። «ያልጨረስኩት ነገር አለ ብሏችኋል በሏቸው» አሉ። ወንድማማቾቹ የሚመጡ አይመስለንም ነበር። ሁለቱም መጡ፤ እያንዳንዱ ሌላኛው የሚቀር መስሎት ይሆናል።

እኔና ባለቤቴ ከአጥሩ ውስጥ ሆነን እናይ ነበር። አማቴ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ዝግባው ሥር ተቀመጡ። ወንድማማቾቹ ፊት ለፊት፣ አንዱ ከሌላው ራቅ ብሎ። ታላቅየው ጀመረ፤ ስለ ማሳው፣ ስለ ድንበሩ፣ ስለ ልጁ ቀብር። ታናሽየው «ድልድሉን እኔ አላወጣሁት፤ ቁጥር ጠርተው ሰጡኝ፤ አልፈልግም ብል ምን ይሉኝ ነበር?» አለ። ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ያን ዘመን ያላየ ሰው ለምን እንዳደረገው ላይገባው ይችላል። እኩለ ቀን ሆነ። የዝግባው ጥላ ከአማቴ ላይ ተነሥቶ ፀሐይ መታቸው፤ ሰው ዣንጥላ አመጣላቸው። ባለቤቴ እጄን ጨብጣ ዓይኗን ከአባቷ አላነሣችም። አንድ ጊዜ እጃቸውን ወደ ጎናቸው ሲሰዱ እጄን ለቅቃ ወደ በሩ ተራመደች። ጋቢያቸውን ነው ያስተካከሉት።

ወደ ማታ ላይ ታናሽየው ተነሥቶ በታላቅ ወንድሙ ጉልበት ላይ ወደቀ። ታላቅየው ወዲያው አላነሣውም፤ ከዚያ ግን አነሣው። ማሳውን አብረው እንዲያርሱ፣ ምርቱን እንዲካፈሉ ተባለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሰው ሁሉ ከተነሣ በኋላ በመጨረሻ አማቴ ተነሡ፤ በሁለት እጃቸው ከዘራውን ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ ማንም እንዳይደግፋቸው በዓይናቸው ከልክለው።

ወደ እርሳቸው ሄጄ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባባ፣ ቧንቧውስ?» አልኳቸው።

ቆም ብለው አሰቡ።

«ረሳሁት» አሉ።

ባለቤቴ ይህን አንብባ፣ አባቷ ይህን የመለሱት ለእርሷ እንጂ ለእኔ እንዳልነበረ፣ እኔ ያን ጊዜ ዣንጥላውን እያጠፍኩ እንደነበር ትናገራለች። ሊሆን ይችላል። ቃሉ ግን እርሱው ነበር፤ በዚህ ሁለታችንም እንስማማለን።